ከዚራ ያለችው የካውንስሊንግ ቢሮ

አቦ ድሬ ውስጥ ካውንስሊንግ (የስነልቦና ምክር) የምትፈልጉ እቺን ቢሮ ሞክሯት። ዘጠኝ ልጅ ያለበት ቤት ነው ያደግኩት፣ ቤቱ ጫጫታ ጨዋታ ነው ደስ ይላል፣ ግን እማዬ ስትጠራኝ የሶስት ታናናሾቼን ስም ጠርታ ነው እኔ ጋ የምትደርሰው፣ እስካሁን ሰው ፊት "ይሄን እፈልጋለሁ" ማለት ይከብደኛል። አማካሪዋ አልቸኮለችም፣ እናቴን ጥፋተኛ አላደረገቻትም፣ "ስታለቅሺ ማን ነበር የሚያባብልሽ?" ብቻ አለችኝ። ታላቅ እህቴ ነበረች፣ እሷም ያኔ ልጅ እኮ ናት! እዛ ጋ ብዙ አለቀስኩ።

በ2024 እ.ኤ.አ የወጣ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናትም አስረዳችኝ፣ አሜሪካና ቻይና ያሉ 14 አመት አካባቢ ልጆች ላይ የተሰራ ነው፣ ወንድምና እህት የበዛባቸው የአእምሮ ጤናቸው በአማካይ ዝቅ ይላል፣ በተለይ በእድሜ ከተቀራረቡ፣ የወላጅ ጊዜና አቅም ስለሚከፋፈል ሊሆን ይችላል ይላሉ። ግን አማካይ ነው፣ የሁሉም እጣ አይደለም፣ ከተዋደዱ ደግሞ ወንድም እህት ትልቅ መከታ ነው፣ ይሄን ደጋግማ ነው የነገረችኝ።

የማልወደው ግድግዳው ስስ ነው፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው ይሰማል፣ ቢያስተካክሉት በጣም ጥሩ ነው። ቀጠሮ ጠዋት ያዙ፣ ከሰአት ሙቀቱ አያስወራም።