ዴኬን ያሠራሁበት የደብረ ብርሃን ቴፕ ጠጋኝ

ዴኩን (የካሴት ማጫወቻዬን) መርካቶ ነው የገዛሁት፣ 4,500 ብር። ሻጩ ሶኬት ላይ ሰክቶ መብራቱን አሳየኝና አመንኩ፤ ደብረ ብርሃን ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ታቅፌው መጣሁ። ቤት ገብቼ ካሴት ሳስገባ ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ ክሩን አያዞርም።

ሰው የጠቆመኝ ገበያው አጠገብ ያለች አንዲት ጠባብ የሬዲዮና ቴፕ መጠገኛ ነው። ሠሪው ሸምገል ያሉ ጋሼ ናቸው፣ ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ነው የሚሠሩት። ክዳኑን ከፈቱና «ይሄማ ጤነኛ ነው ልጄ፣ ላስቲኩ ነው የሞተው» አሉኝ። እውነትም ላስቲኩ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ፑሊው ላይ ተለጥፏል። በጥጥና በአልኮል ጠርገው አዲስ አስገቡለት። ከክሩ ላይ ድምፁን የሚያነበውን ሄዱንም ሲያሹት ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ ከካሴቶች ላይ የተራገፈ የብረት ኦክሳይድ ነው፣ ድምፁን የሚይዘው ቅቡ ማለት ነው። ሄድ በአረቄ የሚጠርግ ጓደኛ አለኝ፤ ብነግራቸው «አረቄ ውስጥ ውሃ አለ፤ ይጠጣው እንጂ ለቴፕ አይስጠው» ብለው ሳቁ።

ቅሬታዬ ከዚህ ቀጥሎ ነው። መሞከሪያ ካሴት ሲጠይቁኝ በኪሴ የነበረው አጎቴ ድሮ ከጂዳ የላከልን የድምፅ ደብዳቤ ብቻ ነበር። የኤን ገጽ ግማሽ የጨረሰው በሰላምታ ነው፤ ከእናቴ ጀምሮ እስከ ጎረቤት በስም እየጠራ። ጋሼ የሄዷን ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ እያዞሩ የአጎቴ ድምፅ ጥርት እስኪል አስተካከሉ። 1,200 ብር ከፍዬ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ማታ ኦርጅናል የሙዚቃ ካሴት ስከት ግን ክራሩ ብርድ ልብስ የተከናነበ ይመስላል። ሌላ ካሴት ብሞክርም ያው።

በማግስቱ ሁለቱንም ይዤ ተመለስኩ። ጋሼ ወዲያው ገባቸው፦ አጎቴ የቀዳበት ቴፕ ሄዱ ያዘመመ ነበር፤ እኛም የእኔን ዴክ ለዚያ ጥመት አስተካክለነዋል። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚጓዝ ቀጭኑ ድምፅ ክሩ ላይ እጅግ ተጨፍልቆ ነው የሚቀዳው፤ ሄዱ ትንሽ ሲያዘም መጀመሪያ የሚጠፋውም እሱ ነው። ካሴቱ ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቢጠይቁኝ ኖሮ አልመላለስም ነበር። ግን ለሁለተኛው ሥራ ሳንቲም አልተቀበሉኝም። በኦርጅናሉ ካሴት እንደገና አስተካክለው ብሎኗ ጫፍ ላይ ቀይ ኩቴክስ ጠብ አደረጉ፣ ለአጎቴ ደግሞ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ነጭ ነጥብ። ኩቴክሱን ከየት እንዳመጡት አልጠየቅኩም።

አሁን ድምፁ? ዝምታው ላይ ትንሽ ሽሽታ አለ፣ እሱን የማይወድ ካሴት ባይሞክር ይሻለዋል። ሽሽታውን የምትቀንሰውን ዶልቢ የምትለዋን ቁልፍም አጥፍቻታለሁ፤ ያለ ዶልቢ የተቀዳን ካሴት ታፍነዋለች። ቤዙ ግን ሙሉ ነው፣ ክራሩም ጣት ሲነካው ይሰማል። አንድ ጉድለት ቀርቶታል፦ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ሲበረታ የመጀመሪያው ዘፈን ይንቀረፈፋል። አሥር ደቂቃ ያህል ባዶውን አዙሬ ካሞቅኩት በኋላ ይስተካከላል።

ለመሄድ ያሰበ ጠዋት ይሂድ፣ ከሰዓት ሰው ይበዛባቸዋል። መሞከሪያ ኦርጅናል ካሴት ከቤቱ ይያዝ፤ እሳቸው ጋ ያሉት ሁሉ ኮፒ ናቸው።