ለሚራገጥ ጠመንጃ የትኛው ስኮፕ ይበረክታል? ናይትፎርስ፣ ሉፖልድና ሌሎቹ

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ስልኬ ይጨናነቃል። ኮሎራዶ ያሉት ወንድሞች የኤልክ (የትልቅ አጋዘን) አደን ፈቃድ ደርሷቸዋል፣ ዳላስ ያሉት ደግሞ ረጅም ርቀት ላይ ዒላማ መተኮስ ጀምረዋል። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው፣ ስለ ስኮፕ (ጠመንጃ ላይ ስለሚታሰረው ማነጣጠሪያ መነጽር)፦ «.300 ዊን ማግ ጠመንጃ ገዝቻለሁ፣ ምን ስኮፕ ላድርግበት? ከ400 ዶላር ባያልፍ ደስ ይለኛል።» መልሴ አልተለወጠም። ያገለገለ ናይትፎርስ ኤን ኤክስ ኤስ የሚባለውን ስኮፕ ፈልጋችሁ ግዙ። ከ1,200 እስከ 1,400 ዶላር ይጠይቃል፤ ከ400 በጣም እንደሚርቅ አውቃለሁ። ለምን እንደምለው ግን በስልክ ተነግሮ ስለማያልቅ እዚህ ጻፍኩት።

ሱቅ ስትገቡ ሻጩ ስኮፑን አውጥቶ «እስቲ በመስኮቱ አሻግረህ እይበት» ይላል። ታያላችሁ፣ ጥርት ያለ ነው፣ ልባችሁ ይከፈታል። ዛሬ ጥርት ያለ መስታወት በ400 ዶላርም ይገኛል። ትልቁ ገንዘብ የሚሄደው ግን በመስኮት ሲያዩበት ለማይታይ ነገር ነው። ከውጭ በምታዩት ቱቦ ውስጥ ሌላ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ከፊሉን ሌንስ የተሸከመው እሱ ነው። የላይኛውና የጎን ማዞሪያዎች ይህን ቱቦ ከአንድ በኩል ይገፉታል፣ ሞላ ደግሞ ከወዲያ በኩል መልሶ ይገፋዋል። አንድ ክሊክ ባዞራችሁ ቁጥር የሚንቀሳቀሰው ይኸው የውስጥ ቱቦ ነው። ሞላው ሲደክም ቱቦው ከተኩስ በኋላ ወደ ቦታው በትክክል አይመለስም። ስኮፑ አልተሰበረም፣ ውስጡ ጉም አልያዘም፣ የሚያነጣጥሩበት መስቀልም ቀጥ ብሎ ይታያል። ጥይቱ ብቻ ሌላ ቦታ ያርፋል። አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ስኮፑን ሳይጠረጥር ጠመንጃውን፣ ጥይቱን፣ ትከሻውን ሲመረምር ይከርማል።

የርግጫውን መጠን በቁጥር ላስቀምጠው። መካከለኛ ክብደት ያለው .308 ጠመንጃ ወደ 24 ጁል ገደማ ይራገጣል። .300 ዊን ማግ 35 አካባቢ ነው፣ .375 ኤች ኤንድ ኤች ደግሞ ወደ 50 ይጠጋል። አፈሙዙ ላይ ብሬክ (ርግጫ መቀነሻ) ያስገጠመ ሰው «ርግጫው ቀንሶልኛል» ብሎ ይዝናናል። ለትከሻው እውነት ነው። ስኮፑ ግን አላረፈም፤ ጠመንጃው ወደ ኋላ ከተራገጠ በኋላ ጋዙ መልሶ ወደ ፊት ስለሚስበው የውስጡ ቱቦ ከሁለት አቅጣጫ ይመታል። በሞላ የሚሠሩ ጠንካራ የአየር ጠመንጃዎች ለእሳት ጠመንጃ የተሠራ ስኮፕ የሚያበላሹትም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ ጓደኛዬ 380 ዶላር የፈጀ ስኮፕ ብሬክ ባለው .300 ላይ አሰረ። የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ አልጠራም። መጀመሪያ ዜሮ ሲያደርገው (ጥይቱ ያነጣጠረበት ላይ እንዲያርፍ ሲያስተካክለው) ምንም አላለም። በሚቀጥለው ጊዜ ጥይቱ አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ ሄደ፤ አስተካከለው። ቀጥሎ ደግሞ ወደ ታች ወረደ። «ጥይቱ አልተስማማውም» ተብሎ ሌላ ዓይነት ገዛ፣ እሱም ካልሆነ ብሎ ሌላ ጨመረ። የ.300 ዊን ማግ ጥይት ደህና ከሚባለው 20 ፍሬው ከ50 እስከ 90 ዶላር ነው፤ አንዴ ምላጭ በሳበ ቁጥር ከ2.50 እስከ 4.50 ዶላር ይወጣል ማለት ነው። ቀጥሎ ጠመንጃ ሠሪ ዘንድ ወሰደው፤ ሰደፉን ፈትተው እንደገና አስቀመጡለት፣ ለዚያም ከፈለ። በመጨረሻ የእኔን ስኮፕ አውልቀን ብናስርበት ጥይቶቹ አንድ ላይ ተሰበሰቡ። ጥይቱን፣ ባለሙያውንና ቤንዚኑን ስንደምር ወጪው ያገለገለ ኤን ኤክስ ኤስ ሊገዛ የሚችል ሆኖ አገኘነው። የስኮፑ ኩባንያ ዋስትናውን አክብሮ አዲስ ልኮለታል፣ በዚህ አይወቀስም። አዲሱ ሲደርስ ግን የአደኑ ወቅት አልፎ ነበር።

ዋስትናን በተመለከተ ሁሌም የምንከራከረውም በዚህ ነው። ቮርቴክስ ሳይጠይቅ ይጠግናል ወይም ይቀይራል፤ ደረሰኝ አይፈልግም፣ ከሌላ ሰው የገዛችሁትም ቢሆን ግድ የለውም። ሉፖልድም እንዲሁ፣ የመጀመሪያው ገዢ ባትሆኑም ዕድሜ ልክ ይጠግንላችኋል። ሁለቱም ቃላቸውን ይጠብቃሉ፣ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ዋስትናው ዕቃውን እንጂ ወቅቱን አይመልስም። ከቴክሳስ የሚመጣ ሰው ለኮሎራዶ ኤልክ ፈቃድ ብቻ ከ700 ዶላር በላይ ይከፍላል፤ መንገዱን፣ ማረፊያውንና ከሥራ የቀረበትን ቀን ጨምሩበት። ጿሚ ቤተሰብ ያለው ደግሞ ሥጋው ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሳይገባ ቤት እንዲደርስለት ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ የሚሄደው ያ የውስጥ ሞላ ነው።

አሁን ወደ ንጽጽሩ። ከልብ የማወዳድራቸው ሁለቱ ናቸው፦ ናይትፎርስ ኤን ኤክስ ኤስ 5.5–22×56 እና ሉፖልድ ቪኤክስ-5 ኤችዲ 3–15×44። የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ፣ የመጨረሻው የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይናገራሉ።

ሉፖልድ ከ1907 ጀምሮ ያለ የኦሪገን ኩባንያ ነው፣ ቢቨርተን ውስጥ ይሠራል። ስኮፖቹን የሚፈትሽበት «ፐኒሸር» የሚባል ማሽን አለው፤ የ.308ን ርግጫ ሦስት እጥፍ በሆነ ኃይል 5,000 ጊዜ እንደሚያስመታቸው ይናገራል። ስለዚህ ሉፖልድ ተሰባሪ ነው የሚል ካለ አትስሙት። ትልቁ ጥቅሙ ክብደቱ ነው። ቪኤክስ-5 ወደ 560 ግራም ሲሆን ኤን ኤክስ ኤሱ 910 ግራም ይደርሳል። የ350 ግራም ልዩነት 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ዳገት ስትወጡ ይታወቃችኋል። ቀለል ያለ ስኮፕ ሲራገጥም ከጠመንጃው ጋር የሚያስሩትን ቀለበቶችና ብሎኖች ያን ያህል አይጎትትም። አዲሱ ከ1,000 እስከ 1,200 ዶላር ይሸጣል። ዳገት ለሚወጣና ከ350 ሜትር በላይ ለማይተኩስ አዳኝ በሙሉ ልቤ የምመክረው እሱን ነው።

ርቀቱ ሲጨምር ግን ሐሳቤ ይለወጣል። .300 ዊን ማግ 200 ያርድ ላይ ዜሮ ተደርጎ 500 ያርድ ላይ ሲተኮስ ጥይቱ ወደ አንድ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ያን የሚያካክሰው ማዞሪያው ነው፤ ታዞራላችሁ፣ ትተኩሳላችሁ፣ መልሳችሁ ዜሮ ላይ ታመጡታላችሁ። ለዓመታት ሲዞር ኖሮ ሁልጊዜ የተዞረውን ያህል መንቀሳቀስና ወደ ዜሮው መመለስ የኤን ኤክስ ኤስ ሥራ ነው። ናይትፎርስ መቀመጫው ኦሮፊኖ፣ አይዳሆ ነው፤ የኤን ኤክስ ኤስ ምርት ግን ጃፓን ነው። ብርቱ ርግጫ ካላቸው ከ.338 ላፑዋና ከ.50 ጠመንጃዎች ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳውም ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ የያዝኩት ከሌላ ሰው የተገዛ ነው፤ ቀለሙ ተፋፍቋል፣ ማዞሪያው ላይ ያሉት ቁጥሮች ደብዝዘዋል፣ ዜሮው ግን ከጠመንጃ ጠመንጃ ቢዘዋወርም አላሳፈረኝም።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ከባድ ነው፣ ይህን ብያለሁ። መስታወቱ ዛሬ ከሚወጡት ጋር ሲነጻጸር አመሻሽ ላይ ብሩህነቱ ይቀንሳል። አብዛኞቹ ላይ መስቀሉ ውስጥ ያሉት መስመሮች ልክ የሚሆኑት ማጉያው 22 ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ በመስመር እየቆጠረ መተኮስ ለለመደ ሰው ይህ አይመችም፣ በማዞሪያ ለሚሠራ ግን ችግር የለውም። ዓይንና ስኮፕ መካከል የሚተወው ርቀት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ቅንድባችሁን ከመፈንከት ያድናችኋል። በዚህ ከሉፖልድ ጋር አይራራቁም።

ቮርቴክስ ቫይፐር ፒኤስቲ ሁለተኛው ትውልድ 5–25×50 ወደ 1,000 ዶላር አካባቢ ይገኛል፣ ፊሊፒንስ ይሠራል፣ 880 ግራም ይመዝናል። ለ.308 እና ለ6.5 ክሪድሞር ደስ የሚል ዕቃ ነው። ብዙ ለሚራገጥ ጠመንጃ 1,000 ዶላር አውጥቼ አዲስ ፒኤስቲ ከምገዛ 250 ዶላር ጨምሬ ያገለገለ ኤን ኤክስ ኤስ እገዛለሁ፤ ለእኔ ይህ ልዩነት የሚያከራክር አይደለም።

በጀቱ ፈጽሞ ከ400 ማለፍ ለማይችል ሰው አንድ መልስ አለኝ፦ ኤስ ደብሊው ኤፍ ኤ 10×42። ማጉያው አይቀየርም፣ አስር ከሆነ አስር ነው። ተንቀሳቃሽ ነገሩ ትንሽ ስለሆነ የሚበላሽበትም ትንሽ ነው። ለረጅም ጊዜ በ300 ዶላር ሲሸጥ የኖረ፣ በጥንካሬው የታወቀ ስኮፕ ነው። ብዙ ጊዜ ሱቁ ላይ «አልቋል» ይላል፤ ሲገኝ አትለፉት። በ400 ዶላር 6–24 የሚል ቁጥር ከተጻፈበት ይልቅ በ300 ዶላር 10 ብቻ የሚል ይሻላችኋል።

በ200 ዶላር «ሉፖልድ ማርክ 4» የሚሸጥ ካያችሁ ፎርጅድ ነው። ማርክ 4 ከቻይና በሚመጣ ፎርጅድ ብዙ ከተቸገሩት አንዱ ነው፤ ሣጥኑ፣ መመሪያው ሁሉ ተመስሎ ይሠራል። እጃችን የገባ አንድ ነበር፤ ማዞሪያው ሲዞር ክሊኩ እንደ ሊጥ ይለጠጣል፣ ጽሑፉ በጥፍር ሲፋቅ ይነሳል። ኩባንያው ፎርጅዱን አይጠግንም፣ የሸጠው ሰው ደግሞ ስልኩን ዘግቷል። የናይትፎርስ ስም የተለጠፈበትም ሞልቷል። ገንዘብ ሳትልኩ የመለያ ቁጥሩን ፎቶ ጠይቁ፣ ለኩባንያው የደንበኞች አገልግሎት ደውላችሁ አረጋግጡ። ሻጩ ቁጥሩን ለማሳየት ካንገራገረ ንግግሩ እዚያው ላይ ያብቃ።

«ለአገር ቤት ልላክ» ለሚሉኝ ደግሞ፦ የጠመንጃ ስኮፕ አሜሪካ ውስጥ ከአገር ሲወጣ ቁጥጥር ያለበት ዕቃ ነው። ያለ ፈቃድ ሻንጣ ውስጥ ከቶ መሄድ በሕግ ያስጠይቃል። በዚህ ጉዳይ አትጠይቁኝ።

ስኮፑ ላይ 1,300 ዶላር አውጥታችሁ 25 ዶላር በሚሸጥ ቀለበት አትሰሩት። «ዜሮው ጠፋ» ተብሎ ከሚመጣልኝ ጠመንጃ ግማሽ ያህሉ ስኮፑ ደህና ነው፤ የላላው ማሰሪያው ነው። ለቀለበትና ለሬይል (ቀለበቱ ለሚታሰርበት ጠመንጃው ላይ ላለው ሐዲድ) ከ200 እስከ 250 ዶላር ያዙ። ብዙ ጠመንጃዎች ሬይሉን የሚይዙት በቀጫጭን ቁጥር 6 ብሎኖች ነው፤ .300ና ከዚያ በላይ ከሆነ ጠመንጃ ሠሪ ወደ ቁጥር 8 እንዲያሰፋላችሁ አድርጉ። ቀለበቱን ሬይሉ ላይ ስታስቀምጡ ጥርሱ ውስጥ ወደ ፊት፣ ወደ አፈሙዙ በኩል ገፍታችሁ ነው የምታጠብቁት። ወደ ኋላ ተጠግቶ ከታሰረ በተኩሱ ጊዜ ስኮፑ ወደ ፊት ይንሸራተታልና ዜሮው አብሮ ይሄዳል። በካቻቪቴ እስኪጮህ አታጥብቁ፤ የውጩ ቱቦ ሲጨመቅ የውስጡም አይንቀሳቀስም። 50 ዶላር የማይሞላ የቶርክ ካቻቪቴ (የሚያጠብቀውን ኃይል የሚለካ) አለ። ቮርቴክስ ለቀለበት ብሎን ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ ይላል፣ ናይትፎርስ ለራሱ ቀለበቶች 25 ይላል። የገዛችሁትን ቀለበት መመሪያ ተከተሉ።

ያገለገለ ስትገዙ የመመለሻ ቀን ያለው ሻጭ ምረጡ፣ ያ ቀን ሳያልፍም ፈትሹት። ረጅም ካርቶን በቱንቢ ክር ለክታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ከታች ነጥብ አድርጉ፣ ከ100 ያርድ ዜሮ አድርጉና ነጥቧን ምቱ። ከዚያ ማዞሪያውን 10 ሚል (ማዞሪያው ላይ የተጻፈው መለኪያ ነው) ወደ ላይ አዙሩ፣ ያችኑ ነጥብ አልማችሁ ተኩሱ። ጥይቱ 36 ኢንች ከፍ ብሎ መምታት አለበት። በኤም ኦ ኤ (በሌላኛው የማዞሪያ መለኪያ) ለሚሠራው 30 አዙራችሁ 31.4 ኢንች ትጠብቃላችሁ። 30 ኤም ኦ ኤ ልክ 30 ኢንች የሚመስለው ብዙ ሰው ስለሆነ ቁጥሩን ጻፉት። ከዚያ ወደ ዜሮ መልሱና ነጥቧን እንደገና ምቱ። አንድ ሳጥን ጥይት ጨርሳችሁ፣ ጠመንጃው ሞቆ ቀዝቅዞ፣ ይህን ሁሉ ድገሙት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከተለየ፣ ሻጩ ምንም ያህል ቢምል፣ ስኮፑን አሽጋችሁ በዚያው ሳምንት መልሱለት።