ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቀን፦ ከድሬዳዋ ጀጎል በሚኒባስ፣ በኮንትራት ወይስ ከአዳር ጋር?

በግንብ የታጠረችውን የሐረር አሮጌ ከተማ ጀጎልን ለማየት ለዓመታት ሲመኝ የኖረ ሰው ብዙውን ጊዜ ድሬዳዋ የሚደርሰው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ለሥራ፣ ለሠርግ ወይም ለስብሰባ። በመጨረሻ አንድ ነጻ ቀን ትተርፈዋለች። ያቺ ቀን እንዳትባክን ከሚኒባስ ወንበር፣ ከኮንትራት መኪናና ከአዳር የትኛው እንደሚያዋጣ ሳይነሱ መወሰን ይሻላል። የብር ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ እዚህ አልጻፍነውም፤ ስሌቱ ግን ያው ነው።

መንገዱ ለሁሉም አንድ ነው፤ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ላይ ስለሆኑ ጉዞው በአብዛኛው የደንገጎ ዳገት ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሐረር ሳይደርስ ሜዳው ላይ የቀረው ይህ ተራራ ስለከበደው ነው፤ ድሬዳዋም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ የተቆረቆረችው ለዚሁ ነው። ደንገጎ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ቁልቢና አዲስ አበባ፣ ሌላው በአዴሌ፣ በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ ወደ ሐረር። ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ አወዳይ ላይ የጫት ገበያው ከደራ ይጨምራል።

ሚኒባስ ለብቻ ተጓዥ በዋጋ አቻ የለውም፤ የሚከፈለው የአንድ ወንበር ታሪፍ ብቻ ነው። ጉዳቱ ሳይሞላ አለመነሳቱ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ የተገኘ ሰው ብዙ ሳይቆይ ይነሳል፤ ረፋድ ላይ የመጣ ግን ሙቀቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ተሳፋሪ ሊጠብቅ ይችላል። ጥምዝምዙ የሚያዞረው ሰው የጋቢናውን ወንበር ቀድሞ ይያዝ፤ ከጉዞው በፊትም ሆድ የሚከብድ ቁርስ አይብላ። ዝርዝር ብርና መታወቂያ በእጅ መያዝ አለባቸው፤ ሂሳብ ለረዳቱ፣ መታወቂያ ለኬላው።

ኮንትራት ሲዋዋሉ የሚገዙት ሰዓት ነው። በፈለጉት ጊዜ ይነሳሉ፤ ሐረማያ ሐይቅ ዳር ይቆማሉ፤ ቢመሽም መመለሻ አለ። ዋጋው ግን ለአንድ ሰውም ለአራት ሰውም ያው ስለሆነ ብቻውን የሚሄድን ሰው ይጎዳዋል። ለድርድር አንድ መለኪያ አለ፦ የሚኒባሱን የወንበር ታሪፍ ጠይቆ በ12 ወንበር፣ ከዚያ ለደርሶ መልስ በ2 ማባዛት። ለሚኒባስ ኮንትራት መነሻው ይህ ነው፤ ለቆመበት ሰዓት የተወሰነ ቢጨመርበት አግባብ ነው። ትንሽ መኪና ከዚህ በታች መውረድ አለበት። ጠብ የሚነሳው ሁልጊዜ በመቆያው ሰዓት ነውና ነዳጁ የማን እንደሆነ፣ መኪናው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅና ቢዘገይ በሰዓት ስንት እንደሚታሰብ ሳይነሱ ይነጋገሩ። አስጎብኚ ድርጅቶች የሚሸጡት የአንድ ቀን ጥቅል ጉዞም ለአንድ ሰው ሲሆን ከኮንትራት ብዙ አይለይም፤ ሌላ ተጓዥ ካላጋሯችሁ በቀር አያዋጣም።

በእኛ ግምት በመኪና የተቆጠበው ገንዘብ ለአገር ልጅ አስጎብኚ ቢከፈል ቀኑ የበለጠ ይሰምራል። ምክንያቱም ጀጎል ከውጭ ሲታይ ግድግዳ ነው። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ይዞራል፤ በውስጡ መስጊዱ ብቻ 82 ነው፤ መተላለፊያው ደግሞ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ የማያሳልፍበት ቦታ አለው። ብቻውን የገባ ሰው ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተነስቶ «መኪና ግርግር» በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ወደ ጊድር መጋላ ገበያ መውረድ አያቅተውም። በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራውን ራምቦ ቤትንና የሸሪፍ ሙዚየምንም ጠይቆ ያገኛቸዋል። (የራምቦ ቤት የተባለውን ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ገጣሚው የኖረበት አይደለም። ለእንጨት ሥራውና ለድሮ ፎቶዎቹ ሲባል ግን መግባት ይገባል።)

ያለ አስጎብኚ የማይገኘው የሐረሪ ቤት ነው። በሩ ላይ ጫማ ይወልቃል። ወለሉ ቀይ ነው፤ ፊት ለፊት መደቦቹ በከፍታ ተለያይተው ይታያሉ፤ የአባወራው አሚር ነደባ፣ ሰፊው ጊድር ነደባ፣ ትንሹ ጢት ነደባ፣ ሌሎች ሁለትም አሉ። ማን የት እንደሚቀመጥ በሥርዓት የተደለደለ ነው። ግድግዳው እስከ ላይ በስፌትና በሳህን ተሞልቷል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከተሰቀለ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ በቤቱ አለች ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚነግር ሰው ከሌለ ዓይን አይቶት ያልፋል። ደግሞም የሰው መኖሪያ ነው፤ እንግዳ የሚቀበለውን ቤት የሚያውቅና ቀድሞ የሚያስፈቅድ ሰው ያስፈልጋል።

አስጎብኚውን መታወቂያውን አይቶ መያዝ፣ ለ3 ሰዓት መስማማት፣ የሙዚየም መግቢያና ለቤቱ ባለቤት የሚሰጠው በዋጋው ውስጥ ይሁን አይሁን መጠየቅ። ስፌት የሚገዛ ከሆነ ለብቻው ተመልሶ ይግዛ፤ ዋጋው ላይ ኮሚሽን እንዳይታከልበት። በሰዎች ላይ ካሜራ ከማንሳት በፊት ፈቃድ ይጠየቅ።

ቀኑን የሚያጣብበው ሐረር የምትታወቅበት ጅብ የማብላት ትርኢት ነው። ጅቦቹ የሚመገቡት ከግንቡ ውጭ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ነው። በዚያን ሰዓት ወደ ድሬዳዋ የሚመለስ ሚኒባስ ላይ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ በሚኒባስ የሄደ ሰው ጅቡን ለማየት ብሎ ቢቆይ መጨረሻው በጨለማ ውድ ኮንትራት መለመን ይሆናል። ጅብ የግድ ከሆነ ምርጫው ሁለት ነው፦ ከጠዋቱ የተዋዋሉት መኪና ወይም አዳር። እኛ አዳሩን እንመርጣለን። ደንገጎን በሌሊት መውረድ፣ በተለይ ጫት የጫኑ መኪኖች በሚጣደፉበት መንገድ፣ ለአንድ ትርኢት ሲባል የሚደረግ አይደለም። ጀጎል ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ የሐረሪ ቤቶች ስላሉም ነደባውን ከማየት አልፎ እዚያው ማደር ይቻላል። ምሽቱ ከድሬዳዋ ይቀዘቅዛል፤ ሹራብ ይያዝ።

ባጭሩ፦ ጅብ ለማይፈልግና ገንዘብ ለሚቆጥብ ሚኒባስና የግማሽ ቀን አስጎብኚ፤ ሦስት አራት ሆነው ለሚሄዱ ወይም እግር ለሚያደክማቸው ኮንትራት፤ ጅቡን ለሚፈልግ አዳር።

ቀኑም ይመረጥ። ዓርብ ከቀትር በፊትና በኋላ ሱቁ ለጁምዓ ይዘጋል። በረመዳን ቀን ቀን ምሳ የሚገኘው በአብዛኛው ከግንቡ ውጭ ነው። ከረመዳን በኋላ በሚከበረው የሐረሪዎች የሹዋሊድ በዓል ከተማው ያምራል፤ መኝታ ግን ቀደም ብሎ መያዝ አለበት። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ደግሞ የቁልቢ ገብርኤል ምዕመን መንገዱን ስለሚሞላው ደንገጎ ላይ ሰዓታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ያን ሰሞን አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ጉዞውን ቢያስተላልፍ ይሻለዋል። በሌላ ቀን በሚኒባስ የሄደ ሰው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሐረር መናኸሪያ ይገኝ፤ ቢጠብቅም እንኳ ዳገቱን በብርሃን ይወርዳል።