የድሮ ጊታር ለመጫወት ለምትገዙ፦ እኚህን ባለሙያ አነጋግሩ

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ላላችሁ ጊታር ወዳጆች ነው የምጽፈው። አንድ ሰው በአደባባይ ላመሰግን፣ ለእናንተም ልጠቁም ብዬ ነው።

እኔ የድሮ ጊታር ሰብሳቢ አይደለሁም። ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር የድሮ ዘፈን የምጫወት ሰው ነኝ። እድሜ ያለው ፌንደር፣ ማለትም የአሜሪካው ፌንደር ኩባንያ የሠራው ኤሌክትሪክ ጊታር ፈለግኩ። ገበያው ግን የሰብሳቢዎች ነው። ኩባንያው በ1965 ሲቢኤስ ለሚባለው የብሮድካስት ድርጅት ከመሸጡ በፊት የተሠራ ከሆነማ ዋጋው አይቀመስም።

አንድ ወዳጄ ወደ እኚህ ሰው ላከኝ። ስሜን አትጻፍ ስላሉኝ ጋሼ ልበላቸው። ቤታቸው ቤዝመንት ውስጥ ጊታር ይጠግናሉ።

መጀመሪያ አብረን ያየነው የ1970ዎቹ ስትራቶካስተር የሚባለው የፌንደር ሞዴል ነበር። ሻጩ «ምንም ያልተነካ ኦሪጅናል» ይላል። እውነትም ያምራል። ጋሼ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አንገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ቀጥለው ሻጩን አስፈቅደው ትረስ ሮዱን በቁልፍ ሞከሩት። ትረስ ሮድ አንገቱ ውስጥ ተቀብሮ የክሮቹን ጉልበት የሚቋቋመው ብረት ነው። እስከ መጨረሻው ጠብቋል፤ አንገቱ ግን አሁንም ጎብጧል። «ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ላይ ያምራል» አሉኝና ወጣን።

የገዛሁት ሙስታንግ የሚባለውን የ1973 ፌንደር ነው። ቀለሙ እንደገና ተቀብቷል፣ መቃኛዎቹ ተቀይረዋል፣ ጀርባው በቀበቶ ማንጠልጠያ ተፋፍቋል። ቀለሙ የተቀየረ ጊታር ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ለእኛ ለተጫዋቾች ይሄ ሎተሪ ነው። አንገቱ ቀጥ ያለ፣ የክሩን ንዝረት ተቀብለው ወደ አምፕ የሚልኩት ፒክአፖቹ ከፋብሪካ የወጣበት ናቸው። ጋሼ ሽፋኑን ፈትተው የድምፅ መቆጣጠሪያው ጀርባ ላይ 1377322 የሚል ቁጥር አሳዩኝ። 137 ሲቲኤስ የሚባለው አምራች ነው፤ 73 ዓመቱ፣ 22 ሳምንቱ። «ይሄ የዕቃው ልደት ነው፤ ጊታሩ የተገጠመው ከዚያ በኋላ ነው» አሉኝ።

ሙስታንግ በ1964 ለተማሪ ተብሎ የወጣ ጊታር ነው። ክሩ ከነት (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ ከሚያርፍበት) እስከ ብሪጅ (ገላው ላይ ክሩ ከሚያርፍበት) 24 ኢንች ነው፤ የስትራቶካስተር 25 ተኩል ነው። ስለዚህ ክሩ ለስለስ ይላል። ለእኛ ዘፈን ደግሞ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ይበልጥ የወደድኩላቸው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት «እስቲ ትዝታ ተጫወት» አሉኝ። ተጫወትኩ። ዝም ብለው ጣቶቼን አዩ። የድሮ ፌንደር የጣት ሰሌዳው በወርዱ ጎበጥ ያለ ነው። ክሩን ዝቅ አድርገህ ካሰርከውና ላይኛው ፍሬት (ሰሌዳው ላይ የተገጠመው ቀጭን ብረት) ላይ ክሩን ወደ ጎን እየገፋህ ድምፁን ከፍ ካደረግክ ድምፁ ታንቆ ይጠፋል። እኔ ደግሞ ያለ መግፋት ትዝታ አይሆንልኝም። ስለዚህ ሌላ ቤት እንደሚደረገው ክሩን ዝቅ ከማድረግ ይልቅ 12ኛው ፍሬት ላይ 2 ሚሊሜትር ከፍ እንዳለ ተዉት። የላይኞቹን ፍሬቶች በስሱ ሞረዱ። የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ክር እንደ ቢላ በልቷቸው ስለነበር እነሱን ብቻ ቀየሩ። ነቱን ከአጥንት ሠሩልኝ። የሚንኳኳውን መቆጣጠሪያ አጠቡ እንጂ አልቀየሩትም። ሁሉንም እንዲቀይሩ ብጠይቃቸው ኖሮ ብዙ በከፈልኩ ነበር።

የወጡትን አሮጌ ፍሬቶች በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። ያነሱትን መልሰው የሚሰጡ ሠራተኞች ስንት አሉ?

ሂሳባቸው መጀመሪያ ከነገሩኝ አንድ ሳንቲም አልጨመረም።

እንከናቸውንም ልንገራችሁ። ቀርፋፋ ናቸው። ሥራ ላይ ሆነው ስልክ አያነሱም፣ ቴክስት አይመልሱም። ጊታሪስቱን ሰላም ስዩምንና ሮሃ ባንድን ካነሳችሁባቸው ደግሞ የዛን ቀን ሥራ የለም። ለሠርግ ለቅዳሜ ከፈለጋችሁት ሐሙስ አትውሰዱላቸው።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅዎ ይባረክ። ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ አምፕ አትሸከሙ፣ የራሳቸው አላቸው። የምትጠቀሙትን ክር ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚያስተካክሉት በእሱ ልክ ነው።