ቢጫው መላጊያ ከ14 ወር በኋላ

ጋራዤ ጥግ ላይ 42 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ቢጫ ሣጥን ተቀምጧል። ዲዎልት ዲደብልዩ735 ይባላል። ሥራው የጣውላን ውፍረት እኩል ማድረግ ነው። ሻካራውን ጣውላ በአንድ በኩል ታጎርሱታላችሁ፣ በሌላው በኩል ለስልሶ ይወጣል። ከገዛሁት 14 ወር ሆነው። ረከቦት፣ የገበጣ ሰሌዳ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ አንዴም አትሮንስ ሠርቼበታለሁ።

ለመግዛት ግን ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። ገንዘቡ አንድ ነገር ሆኖ፣ ዋናው ምክንያት ጋሼ ናቸው።

ጋሼ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ከእኔ ቤት 20 ደቂቃ ርቀት ላይ ይኖራሉ። አዲስ አበባ እያሉ የቤት ዕቃ ይሠሩ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፣ እጃቸው ግን አልወጣም። ምድር ቤታቸው ውስጥ ሮክዌል የሚል ጽሑፍ ያለበት የድሮ የዴልታ መላጊያ አለ። ጥርት ያለ ብረት ነው። አራት ጎረምሳ ካልተጋገዘ ንቅንቅ አይልም። ልገዛ ያሰብኩትን ማሽን ፎቶ ሳሳያቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

«ይኼ የምሳ ዕቃ ነው» አሉኝ።

ፈረንጆቹም እንዲህ ያለውን ትንሽ መላጊያ «የምሳ ሣጥን» ነው የሚሉት። ጋሼ ይህን አያውቁም ነበር፤ ራሳቸው ደረሱበት።

ቀጠሉ። «አንተ ልጅ፣ ማሽን ስትገዛ ድርጅቱንም እየገዛህ ነው። ነገ ቢሸጥ መለዋወጫውን ከማን ልታገኝ ነው?»

«ጋሼ፣ የእርስዎስ ስንቴ ተሸጠ?»

ዝም አሉ። እኔ ግን አንብቤ ነበር የሄድኩት። ዴልታን በፈረንጆቹ 1919 ሚልዋኪ ውስጥ የጀመረው ኸርበርት ታውትዝ ነው። በ1945 ሮክዌል ገዛው፤ የጋሼ ማሽን ላይ ያለው ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ነው። በ1984 ፔንቴር ወሰደው። በ2004 ብላክ ኤንድ ዴከር። በ2011 ደግሞ ቻንግ ታይፕ የሚባል የታይዋን ኩባንያ። እዚህ አገር እንጨት የሚሠሩ ሰዎች ሲገናኙ እስከ ዛሬ ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «ዴልታ አለ ወይስ ስሙ ብቻ ነው የቀረው?» የሚል ነው። አንዱ «አለቀለት» ይላል። ሌላው «ትናንት አዲስ ምላጭ ገዛሁ፣ ምን ታወራለህ» ይላል። ቡና እስኪፈላ አይግባቡም።

የእኔውም ቢሆን ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ሬይመንድ ዲዎልት በ1924 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሲጀምር የሚሸጠው በክንድ ላይ የሚንሸራተት መጋዝ ነበር። በ1960 ብላክ ኤንድ ዴከር ጠቀለለው። በ2010 ብላክ ኤንድ ዴከር ራሱ ከስታንሊ ጋር ተዋሐደ። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ከ2004 እስከ 2011 የጋሼ ማሽን ስምና የእኔ ማሽን ስም አንድ ባለቤት ነበራቸው። ባለቤቱ ቢጫውን አስቀረ፣ ሌላውን ሸጠ። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «የእንጀራ ወንድማማቾች ናቸው በለኛ!»

እውነቱን ለመናገር ፍርሃታቸው ገብቶኝ ነበር። ከዚህ በፊት ያገለገለ መላጊያ ከሰው ገዝቼ አውቃለሁ። የማን ሥራ እንደሆነ ይቅር። ጣውላውን የሚስቡትን ሮለሮች የምታዞር፣ ጥርስ ያላት የፕላስቲክ መዘውር ነበረችው። መዳፍ ላይ የምታርፍ ነገር ናት። ሁለት ጥርሷ ረገፈ። ስልክ ስደውል «ያ ዕቃ መመረት አቁሟል» ተባልኩ። ሞተሩ ደህና፣ ምላጩ ደህና፣ ማሽኑ ግን ሞተ። ሰባት ወር ጋራዡ ውስጥ አስቀምጬው በመጨረሻ ለብረት ሰብሳቢ ሰጠሁት።

ስለዚህ አዲሱን ስመርጥ መጀመሪያ ያየሁት ጉልበቱን አይደለም። ምላጩን ከስንት ሱቅ ማግኘት እችላለሁ? ሌላ ድርጅትስ ለዚህ ማሽን የሚሆን ዕቃ ይሠራል ወይ? ለዲደብልዩ735 መልሱ ጥሩ ነበር። ምላጩን ሌሎችም ይሠሩታል። ኬንታኪ ያለው በርድ የተባለ ድርጅት ደግሞ ሼሊክስ የሚባል ሙሉ የመቁረጫ ራስ ይሸጥለታል። ረጅሙ ምላጭ ቀርቶ በትናንሽ ካሬ ምላጮች የተሞላ ነው። አንዱ ምላጭ ሲደነዝዝ ማዞር ነው፤ አራት ጎን አለው።

ወደ ሥራው ልግባ።

ማሽኑ 13 ኢንች ወይም 33 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ጣውላ ይቀበላል። ሦስት ምላጭ አለው። የመሳቢያው ፍጥነት ሁለት ነው፦ በአንደኛው በአንድ ኢንች 96 ጊዜ ይቆርጣል፣ በሌላው 179 ጊዜ። መጀመሪያ በ96 እየላግኩ ውፍረቱን አወርዳለሁ፣ የመጨረሻውን አንድ ሁለት ዙር በ179። ዋልነት የሚባለው እንጨት በ179 ሲወጣ ብርጭቆ ወረቀት የሚፈልገው ለስሙ ነው። መጀመሪያ የሠራሁትን ረከቦት ሳሳያት ባለቤቴ በጣቷ ዳሰሰችውና «ቀብተኸዋል እንዴ?» አለችኝ። ገና ዘይት አልነካውም ነበር።

እጀታው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር የመቁረጫው ራስ አንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ይወርዳል። ለጠንካራ እንጨት እኔ ከግማሽ ዙር አላልፍም። ስስት ነው መሰለኝ ብዙውን ሰው የሚያሳስተው። ቶሎ ልጨርስ ብላችሁ ብዙ ስታጎርሱት ሞተሩ ያቃስታል፣ እንጨቱም ይነጫል። በተለይ ጭረቱ የሚጠማዘዝ ሜፕል የሚባል እንጨት ሥጋው ተነቅሎ ይወጣል። ለእሱ ያገኘሁት መድኃኒት ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ማበስና ቀጭን ቀጭን አድርጎ መላግ ነው።

ማሽኑ የማይሠራውን ካልነገርኳችሁ ግን ግምገማው ግማሽ ነው። ይህ ማሽን የተጣመመ ጣውላ አያቃናም። እኔ ያቃናል ብዬ ነበር የገዛሁት። የመጀመሪያው ሳምንት አንድ ክፉኛ የተጣመመ የቼሪ ጣውላ አስገባሁ። ለስልሶ ወጣ። ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው እንደ ቅድሙ ተጣሟል፣ አሁን ግን የሚያምር ጠማማ ሆኗል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሮለሮቹ ጣውላውን ወደ ታች ተጭነው ለጊዜው ያቃኑታል፣ ምላጩ ይልገዋል፣ ሲለቁት ወደ ጠባዩ ይመለሳል። መፍትሔው ከታች ቀጥ ያለ ሰሌዳ ማድረግ፣ ጣውላው ከፍ ባለበት ቦታ ትንንሽ ሽብልቅ መወተፍ፣ እንዳይነቃነቅ በትኩስ ኮላ ማጣበቅ ነው። አንዱ ፊት ከተስተካከለ በኋላ ገልብጦ ያለ ሰሌዳ ማስገባት ይቻላል። ጋሼ ይህን ሳወራላቸው «እኛ ይህን በእጅ መላጊያ ነበር የምንሠራው፣ ማሽን እስኪሞቅ አንጠብቅም» አሉኝ። ልክ ናቸው። ዛሬ እኔም ዋናውን ጉብታ በእጅ መላጊያ እያወረድኩ ነው የማስገባው።

ሌላው ችግር ጣውላው ጫፍ ላይ የሚወጣው ጎድጓዳ ነው። ስናይፕ ይሉታል። ጣውላው ሲገባና ሊወጣ ሲል የሚይዘው አንድ ሮለር ብቻ ስለሆነ ጫፉ ቀና ብሎ ምላጩን ይጠጋል። የሁሉም መላጊያ ችግር ነው። ሲገባም ሲወጣም የውጪውን ጫፍ በእጄ በትንሹ ከፍ አድርጌ እይዛለሁ፣ ከልኩም አሥር ሳንቲሜትር ያህል አተርፋለሁ። የተረፈው ተቆርጦ ለልጄ መጫወቻ ይሆናል።

ሰጋቱራው! ማሽኑ ውስጥ ፍቅፋቂውን የሚተፋ ማራገቢያ አለ። እንዴት አድርጎ እንደሚተፋ ሳልገምት የቱቦውን ጫፍ ክዳን ባለው የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ከተትኩና አስነሳሁት። በሁለተኛው ጣውላ ክዳኑ ተስፈንጥሮ ሄደ። ጋራዡ፣ የባለቤቴ መኪና፣ ክፍት የነበረው የማድ ቤት በር፣ ሁሉም በረዶ የጣለበት መሰለ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አየሩ መውጫ እንዲያገኝ ክዳኑ ላይ ወንፊት ያለው ቀዳዳ ማበጀት ነበረብኝ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ሲኒ ስታነሳ ወደ ውስጥ ታያለች።

ድምፁን በቃላት መግለጽ ይከብዳል። ጆሮ መሸፈኛ ሳታደርጉ አንድም ጣውላ እንዳታስገቡ። እኔ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ አላስነሳውም፤ ጎረቤቴ ሕፃን ልጅ አለው። ኤሌክትሪክም ይበላል። 15 አምፔር ስለሚስብ የሰጋቱራ መሳቢያውን በዚያው መስመር ላይ ከሰካችሁ ብሬከሩ ይወርዳል። ሁለት ቀን ምን እንደሆነ ሳላውቅ ስወጣ ስወርድ ነበር።

ምላጩን ሁለት ጊዜ ነክቼዋለሁ። እያንዳንዱ ሁለት አፍ አለው፤ አንዱ ሲደነዝዝ መገልበጥ ነው። የመጀመሪያው አፍ አምስት ወር ገደማ አገለገለኝ። ሁለተኛው ግን ሦስት ሳምንት። ከፈረሰ ቤት ያገኘሁትን የድሮ ጣውላ ውስጡን ሳልፈትሽ አስገብቼ ነው። ምስማር ነበረበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በወጣው ጣውላ ሁሉ ላይ እንደ ክር ቀጭን መስመር ይታይ ነበር። አዲስ ስብስብ ከ50 ዶላር በላይ አወጣሁ። በዚያው ሳምንት ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ገዛሁ፤ ከምላጩ ይረክሳል።

ይህን አይቶ ለአገር ቤት ልላክ የሚል ሰው አይጠፋም። እዚህ የሚሸጠው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። የአገራችን 220 ነው። በትራንስፎርመር ይሠራል፣ ግን ይህን ያህል ኃይል የሚችል ትራንስፎርመር ራሱ ሌላ ሸክም ነው። ለ220 የተሠራውን መፈለግ ይሻላል። የማኪታውን 2012ኤንቢም እዩት። ስፋቱ በትንሹ ይጠብባል፣ ምላጩ ሁለት ነው፣ ክብደቱ ግን 28 ኪሎ ብቻ ነው። አንድ ሰው አንስቶ መኪና ላይ ይጭነዋል።

ወደ ጋሼ ክርክር ልመለስ። አሁን ሳስበው ግማሹን ረትተዋል። የእሳቸው ማሽን ኩሽኔታውም ቺንጊያውም ከማንኛውም የኩሽኔታ ሱቅ የሚገዛ ነው። ዴልታ ዛሬ ቢዘጋ ያ ማሽን አይሰማውም። የእኔው ግን ፕላስቲኩ፣ ሰንሰለቱ፣ ጥርሶቹ ለእሱ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ምላጭ የሚሠራለት ሞልቷል፣ ጥርስ የሚሠራለት ግን አንድ ባለቤት ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ ይህን ማሽን ለልጄ አወርሰዋለሁ ብዬ አላስብም። አሥር ዓመት ከሠራልኝ ዕዳውን ከፍሏል። ጋሼ ደግሞ አራት ሰው ፈልገው ምድር ቤት ማውረድ ነበረባቸው፤ እኔ ምድር ቤትም አራት ሰውም የለኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ መጡ። አራት ሻካራ የቼሪ ጣውላ መኪናቸው ላይ ጭነዋል። «ለጨዋታ ነው» አሉ። አንድ በአንድ አስገባንላቸው። ካሊፐራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው የእያንዳንዱን ጣውላ ውፍረት በአራቱም ማዕዘን ለኩ። ልዩነቱ ከወረቀት ውፍረት አይበልጥም ነበር። ሁለቴ ለኩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የማሽኑን ጀርባ ትንሽ ሲያዩ ቆዩና ሳያዩኝ ጠየቁኝ፦

«ምላጩ ስንት ነው ያልከኝ?»