ደመወዝ መጨመር ወይስ ኃላፊነት መስጠት?

የሠራተኞቹ የሥራ ፍላጎት መቀዝቀዙን ያስተዋለ ኃላፊ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይመርጣል፤ ደመወዝ ይጨምራል ወይም ሥራው የሚሠራበትን መንገድ ይለውጣል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍሬድሪክ ኸርዝበርግና ባልደረቦቹ በአሜሪካዋ ከተማ በፒትስበርግ አካባቢ 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎቹ የተከፉበትን ጊዜ ሲያወሱ በአብዛኛው የድርጅቱን አሠራርና የአለቃን ቁጥጥር አንሥተዋል፤ የተደሰቱበትን ጊዜ ሲያስታውሱ ግን ስለ ውጤት፣ ስለ ዕውቅናና ስለ ኃላፊነት ተናግረዋል።

ደመወዝ ፈጥኖ ይሠራል። ክፍያው ለኑሮ የማይበቃ ከሆነ፣ ስለ ተነሣሽነት ከመናገር በፊት እርሱን ማስተካከል ግዴታ ነው። ሆኖም ጭማሪው ውሎ አድሮ ይለመዳል።

ኃላፊነት መስጠት በአንጻሩ ጊዜ ይወስዳል፤ ፍሬው ግን ይሰነብታል። አሥር ዓመት ያገለገለች የሒሳብ ባለሙያ ለአንዲት ተራ ደብዳቤ ፊርማ ወረቀቷን ይዛ አለቃዋ በር ላይ ግማሽ ቀን ስትቆም፣ ከመቆሙ ይልቅ የሚያደክማት አለመታመኗ ነው። ያንኑ ደብዳቤ በራሷ ፊርማ እንድታወጣ ሲፈቀድላት ግን፣ ማንም ሳያዝዛት ቁጥሮቹን ደግማ ታመሳክራለች፤ ጉዳዩ የእርሷ ሆኗልና። ያለ ሥልጠናና ያለ ተገቢ ክፍያ የሚጫን ኃላፊነት ግን በደል ነው፤ «እምነት ጥለንብሃል» የሚለው ቃልም አያቀለውም።

ክፍያው ተመጣጣኝ በሆነበት ቦታ እኔ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ አለቃው ግን የመጀመሪያው ስሕተት ሲፈጠር የሰጠውን ሥልጣን መልሶ ላለመንጠቅ አስቀድሞ መቁረጥ አለበት።