ለኮምፒውተር ቺፕ የቱ ይሻላል? ግራፊን ወይስ ናኖቲዩብ?

ሁለቱም ጥርት ያሉ ካርቦን ናቸው። ግራፊን ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ ንጣፍ ነው። ናኖቲዩብ ደግሞ ያው ንጣፍ እንደ ቱቦ ተጠቅልሎ ማለት ነው።

ግራፊንን እ.ኤ.አ. በ2004 ማንችስተር ውስጥ ለይተው ያወጡት አንድሬ ጋይም እና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ናቸው። መሣሪያቸው ተራ ፕላስተር ነበር! ግራፋይትን፣ ማለትም እርሳስ ውስጥ ያለውን ጥቁር ካርቦን፣ በፕላስተር እየላጡ አሳሱት። በ2010 የፊዚክስ ኖቤል አገኙበት። ኤሌክትሪክ በግራፊን ላይ እጅግ በፍጥነት ይሄዳል። ችግሩ ማጥፋቱ ላይ ነው። ቺፕ የሚሠራው ትራንዚስተር ከሚባሉ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች ነው፤ የትራንዚስተር ሥራ ደግሞ ኤሌክትሪኩን ማብራትና ማጥፋት ነው፤ የማይጠፋ ማብሪያ ምን ይሠራል? በ2024 ግን አሜሪካ ያለው የጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሲሊከን ካርባይድ (የሲሊከንና የካርቦን ውህድ) ላይ ያሳደጉት ግራፊን እንደ ከፊል አስተላላፊ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ሊበራና ሊጠፋ እንደሚችል ቁስ፣ እንደሚሠራ አሳዩ። ይህን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ናኖቲዩብ ይህ ችግር የለበትም፤ አጠቃለሉ ከተስማማ በራሱ ከፊል አስተላላፊ ነው። ሲመረት ግን እንደ ብረት የሚያስተላልፉት ቱቦዎች አብረው ይቀላቀላሉ፤ እነሱን መለየት አድካሚ ነው። እንዲያም ሆኖ በ2019 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከ14,000 በላይ የናኖቲዩብ ትራንዚስተሮች ያሉት ፕሮሰሰር ሠርቶ ፕሮግራም አስኬደበት።

ዛሬ ምረጥ ብባል ቱቦውን እመርጣለሁ።